ቡና ሲፈላ የሚጮኸው ማንቂያ

ጥያቄ፦

«የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችን፣ ከአማቴና ከቤት ሠራተኛችን ጋር በተከራየነው ቤት ውስጥ እንኖራለን። አሜሪካ ያለችው እህቴ ባለፈው ዓመት ለጥምቀት ስትመጣ፣ እቤቷ ትጠቀምበት የነበረውን በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይዛልን መጣች። ባለቤቴ ‹ጋዝ ወደ ታች ነው የሚወርደው› ብሎ ሳሎን ውስጥ ከሶፋው ጀርባ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ሰቀለው። ማታ ቡና ሲፈላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቶና ላይ ስንደርስ፣ አራት አራት ጊዜ እየደጋገመ ይጮኻል። ከሁለት ወር ወዲህ ደግሞ ሌሊት ሌሊት በየደቂቃው አንድ ጊዜ ‹ጭር› ማለት ጀመረ። አማቴ ‹ይህ ነገር ቡናችንን ጠላ› ብለው ባትሪውን አስወጡት። ጀርባው ላይ መተኪያው 2024 ነው ስለሚል ገና ስድስት ዓመት የሚቀረው መስሎኝ ነበር፤ ተበላሽቶ ይሆን? የስድስት ዓመቷ ልጄ ከቡና በኋላ ራሴን አመመኝ ትላለች፤ አማቴ ምች ነው ይላሉ። እሳቸው ደግሞ ያለ ከሰል የተፈላ ቡና ቡና አይመስላቸውም። ምን ይሻለኛል?»
የሁለት ልጆች እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ይህን መልስ ካነበቡበት ምሽት ጀምሮ ከሰል የያዘ ማንደጃ ወደ ቤትዎ እንዳይገባ እለምንዎታለሁ። ምክንያቱን ከዚህ በታች በዝርዝር አስረዳለሁ፤ ነገር ግን ማብራሪያው ረዘም ስለሚል፣ ልጅዎም ራሷን እያመማት ስለሆነ፣ ጥንቃቄው ከማብራሪያው ይቅደም።

በደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ተቀላቅለው እንደ አንድ ብልሽት ተቆጥረዋል። አራት ጊዜ በተከታታይ ጮኾ፣ ጥቂት ሰከንድ ዐርፎ፣ እንደገና አራት ጊዜ የሚጮኸው ድምፅ «ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፣ ውጡ» ማለት ነው። በየደቂቃው አንድ ጊዜ ብቻ «ጭር» የሚለው ደግሞ መሣሪያው ስለ ራሱ የሚናገረው ነው፤ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ የመሣሪያው ዕድሜ አብቅቷል። የመጀመሪያው ስለ ቤትዎ አየር፣ ሁለተኛው ስለ ማንቂያው ጤንነት ነው። በእርስዎ ቤት ሁለቱም እውነት የተናገሩ ይመስለኛል።

ስለ መጀመሪያው ልንገርዎ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የሌለው ጋዝ ነው፤ የሚፈጠረውም ነዳጅ፣ እንጨት ወይም ከሰል በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ሲነድ ነው። እኛ ዘንድ ከሰል ውጭ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ እስኪያልቅ ተርገብግቦ፣ ፍሙ ቀልቶ አመድ መልበስ ሲጀምር «አሁን ይግባ» ይባላል። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ጥንቃቄ አድርገዋል፤ ይሁን እንጂ የተጠነቀቁት ከጭሱ እንጂ ከጋዙ አይደለም። ዐይን የሚያቃጥለውና ጉሮሮ የሚከረክረው ጭስ ከጠፋ በኋላም የቀላው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ መልቀቁን ይቀጥላል፤ እንዲያውም ጭሱ ስለሌለ ማንም መስኮት ለመክፈት አይነሳም። ጋዙ በሳምባ በኩል ወደ ደም ሲገባ፣ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። ሰውየው እየተነፈሰ ነው፣ ኦክስጅን ግን ወደ አንጎሉና ወደ ልቡ በበቂ ሁኔታ አይደርስም።

አሁን ወደ ቶናዎ እንመለስ። ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩ ማንቂያዎች የሚመረቱት ዩኤል 2034 በሚባለው መለኪያ መሠረት ነው። በዚህ መለኪያ ማንቂያው በአየር ውስጥ ካሉት አንድ ሚሊዮን እጆች 70ው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን (ይህ መጠን 70 ፒፒኤም ይባላል) ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጮኻል፤ 150 ሲደርስ ከ10 እስከ 50 ደቂቃ፣ 400 ሲደርስ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ይጮኻል። ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦል ተጠጥቶ ቶና ሲቀርብ አንድ ሰዓት ገደማ ይሆናል እንበል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የጮኸ መሣሪያ በትንሽ ነገር የሚደነግጥ መሣሪያ አይደለም፤ ሆን ተብሎ እንዲታገሥ ተደርጎ የተሠራ ነውና። ያረጀ ሴንሰር ሊሳሳት መቻሉን አልክድም። ነገር ግን ከሰል በሌለበት ቀን የማይጮኽ፣ ከሰል በገባበት ምሽት ሁሉ በዚያው ሰዓት የሚጮኽ መሣሪያ፣ ያውም ከሶፋ ጀርባ ተደብቆ፣ ስሕተቱን እየደገመ ነው ብሎ ማሰብ የሚከብድ ነው።

የልጅዎ ራስ ምታትም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። አዋቂ ሰው ከቡና ጋር ራሱን ሲያመው በሱስ ሊያሳብብ ይችላል፤ የስድስት ዓመት ልጅ ግን ቡና አትጠጣም። የካርቦን ሞኖክሳይድ የመጀመሪያ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ስለሆኑ ከጉንፋንም ከምችም ጋር በቀላሉ ይምታታሉ። እኔም ተታልዬ ዐውቃለሁ። በወጣትነቴ አንዲት ጠባብ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ስኖር፣ በአንድ የክረምት ምሽት የተረፈ ፍም ክፍሌ ውስጥ አስቀምጬ ተኛሁ። ሌሊት ራሴ ሊፈነዳ ደርሶ፣ ጉልበቴ ከድቶኝ፣ ግድግዳ እየተደገፍኩ ወደ ግቢው ወጣሁ። ጎረቤቶቼ ምች መትቶሃል ብለው ዳማከሴ ጨምቀው ሰጡኝ፤ ደጅ ተቀምጬ እያለሁ ተሻለኝና ያዳነኝ ዳማከሴው መሰለኝ። ወደ ክፍሌ ስመለስ ግን ሕመሙ ተመለሰ። ይህን ምልክት እርስዎም ይያዙት፦ ከቤት ሲወጡ የሚሻል፣ ሲገቡ የሚመለስ፣ ከአንድ በላይ የቤተሰብ አባል በአንድ ጊዜ የሚሰማው ሕመም ከሆነ፣ መጠርጠር ያለበት በቅድሚያ የቤቱ አየር ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ከዚህ ነጥብ ልለፍ። በደብዳቤዎ ውስጥ ስለ ቤት ሠራተኛችሁ ጤንነት የተጻፈ ነገር የለም። ቡናውን የምትቆላው፣ ፍሙን የምታርገበግበው፣ ፊቷን ወደ ማንደጃው ደፍታ የምትቀመጠው እሷ ከሆነች፣ ከሁላችሁም ይልቅ ወደ ጋዙ የቀረበችው እሷ ናት። ራሷን ያማት እንደሆነ እባክዎ ይጠይቋት፤ ሳትጠየቅ ላትናገር ትችላለችና።

ወደ 2024 እንምጣ። መሣሪያው ላይ የታተመው ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የእነሱ 2024 የእኛ 2016 እና 2017 ላይ የሚያርፍ ስለሆነ፣ ዛሬ በ2018 ዓ.ም. ማንቂያው ስድስት ዓመት የሚቀረው ሳይሆን ጊዜው ያለፈበት ነው፤ እህትዎ ስታመጣውም አልፎበት ነበር። ይህን ስሕተት የሚሠሩት እርስዎ ብቻ አይመስሉኝም፤ የውጭ መድኃኒትና የታሸገ ምግብ ስንገዛም ያው ግራ መጋባት አለ። ከእንግዲህ ከውጭ የመጣ ማንቂያ ሲያገኙ፣ በጀርባው ካለው ዓመት ላይ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሰው በእኛ አቆጣጠር በእስክሪብቶ እዚያው ይጻፉበት።

ጊዜው ያለፈበት ማንቂያ ለምን አይታመንም? በአብዛኞቹ የቤት ማንቂያዎች ውስጥ ያለው ሴንሰር ከጋዙ ጋር በኬሚካል እየተገናኘ ጥቂት የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚፈጥር ነው፤ ይህ ኬሚካል ብንጠቀምበትም ባንጠቀምበትም በጊዜ ብዛት ይደክማል። እንደ አምራቹ ዕድሜው ከ5 እስከ 10 ዓመት ይደርሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የመሞከሪያውን ቁልፍ ሲጫኑት ጮኾ ከመለሰ «ደህና ነው» ይላሉ። ቁልፉ የሚፈትሸው ባትሪውን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩንና ድምፅ ማውጫውን ነው፤ በአብዛኞቹ ሞዴሎች ሴንሰሩ ጋዝ ማሽተት መቻሉን አይነግርም። ስለዚህ የሞተ ሴንሰር ያለው ማንቂያ ቁልፉ ሲነካ በደንብ ሊጮኽ፣ የሌሊት ጋዝ ሲመጣ ግን ዝም ሊል ይችላል። ባትሪውን ይመልሱበትና አዲስ ባትሪ አስገብተውም በየደቂቃው «ጭር» ማለቱን ከቀጠለ፣ ዕድሜው ማብቃቱን በራሱ አንደበት አረጋገጠልዎ ማለት ነው። አዲሱ እስኪመጣ ድረስ አይጣሉት፣ ከጮኸ ውጡ፤ ዝም ሲል ግን አትመኑት።

ባለቤትዎ «ጋዝ ወደ ታች ይወርዳል» ያሉት ስለ ሌላ ጋዝ ቢሆን ትክክል ነበር። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከአየር በጥቂቱ ይቀላል፤ ከፍም በሚነሳው ሙቅ አየር ተሸክሞም ወደ ላይ ወጥቶ በክፍሉ ውስጥ ይሰራጫል። ከዚህም ሌላ ማወቅ የሚገባው፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ የሲሊንደር ጋዝ ማፍሰሱን አይነግርም፣ የጭስ ማንቂያም ካርቦን ሞኖክሳይድን አይለይም፤ ሦስቱ የተለያዩ መሣሪያዎች ናቸው።

አንድ ማንቂያ ብቻ ካላችሁ ቦታው ከመኝታ ክፍሎቹ በር አጠገብ፣ ተኝታችሁ ሳለ ድምፁ በሚያነቃችሁ ስፍራ ይሁን፤ የተኛ ሰው ራስ ምታቱን ሳይሰማው ከእንቅልፍ ወደ ሞት ሊሄድ ይችላልና። ሁለት ማግኘት ከቻላችሁ፣ አንዱ እሳት ካለበት ክፍል ውስጥ ከእሳቱ ከ1 እስከ 3 ሜትር ርቀት፣ ከበሩና ከመስኮቱ አናት ከፍ ብሎ፣ ከኮርኒሱ ግን ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። መኝታ ክፍል ውስጥ የሚሰቀለው ደግሞ የተኛ ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ ላይ ቢሆን ይመረጣል። አምራቹ በመመሪያው ላይ የተለየ ነገር ካለ የእሱ ይቅደም። ከመጋረጃ፣ ከሶፋና ከቁም ሣጥን ጀርባ፣ ከምድጃ በላይ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ እንዲሁም ንፋስ በሚገባበት መስኮት ጥግ አይሰቀልም።

ለእንክብካቤው የሚጠይቀው ጥቂት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ልጆቹ እንዳይደነግጡ አስቀድመው ነግረው፣ የመሞከሪያውን ቁልፍ ይጫኑ። ይህንኑ አጋጣሚ ተጠቅመው አማትዎም፣ ሠራተኛዋም፣ ልጆቹም አራቱን ጩኸት በጆሯቸው እንዲለዩት ያድርጉ፤ አንዳንድ ማንቂያ በእንግሊዝኛ ስለሚናገር «ዋርኒንግ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ። የሐዋሳ የበጋ አቧራና የዕጣን ጥቀርሻ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍኑ በወር አንድ ጊዜ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ወይም ብሩሽ ይጠረግ፤ ውኃ፣ በረኪና ወይም አልኮል አይንካው። የትንኝ መርጫ፣ የፀጉር ስፕሬይና የቀለም ትነት ሴንሰሩን ሊያሳስቱት ወይም ሊጎዱት ስለሚችሉ በአጠገቡ አይረጩ፤ ቤት ቀለም ሲቀባም ይውረድና ሲደርቅ ይመለስ። ባትሪው በየዓመቱ ይለወጥ፤ እንቁጣጣሽ ለማስታወስ ጥሩ ቀን ነው። የሚገባው ባትሪ ዓይነት በክዳኑ ውስጥ ተጽፏል፣ ቻርጅ የሚደረገውን ወይም ርካሹን የባትሪ ድንጋይ አይተኩበት። ማንቂያውን ከሰል አስጠግተው ወይም የመኪና ጭስ አስነፍሰው ለመሞከር አይሞክሩ። መብራት ሲጠፋ የምትጠቀሙበት ትልቅ የሶላር ወይም የኢንቨርተር ባትሪ ካለም ከማንቂያው ያርቁት፤ ቻርጅ ሲደረግ የሚለቀው ሃይድሮጅን ማንቂያውን ያለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊያስጮኸው ይችላል። ጄኔሬተር ከሆነ ግን ጉዳዩ የማንቂያ ብቻ አይደለም፤ በረንዳም ኮሪደርም ቦታው አይደለም፣ ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር መራቅ አለበት፣ የጭስ ማውጫውም ፊቱን ከመስኮት ያዙር።

አሁን ደግሞ ያ አራት ጩኸት ሲመጣ ምን ይደረጋል? ከየት መጣ ብሎ መፈለግ አይደለም፤ ሰውን ማውጣት ነው። በሩን ከፍታችሁ፣ የተኛውን ቀስቅሳችሁ፣ ሕፃን ታቅፋችሁ ሁላችሁም ግቢ ውጡ፣ ተቆጠሩም። ማንደጃው ለበሩ ቅርብ ከሆነና ምንም ያላዞረው አዋቂ ካለ በመንገዱ ይዞት ይውጣ፤ ካልሆነ ይቅር። ቤቱ በደንብ ነፍሶ ማንቂያው ዝም እስኪል ማንም አይመለስ። ራሱን የሳተ ሰው ካለ ወደ ንጹሕ አየር አውጥታችሁ፣ የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኝታችሁ፣ ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት አድርሱት። ወተት አታጠጡት፤ ወተት ይህን ጋዝ ከደም አያወጣም፣ ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ ሊታነቅበት ይችላል። ሎሚ በማሽተት የሚባክነው ጊዜም ወደ ሐኪም ቤት መሄጃው ጊዜ ነው። ሐኪም ቤት ስትደርሱ የመጀመሪያ ቃላችሁ «ቤት ውስጥ ከሰል ነበር» ይሁን። ይህን የምለው፣ ጣት ላይ የሚደረገው ተራ የኦክስጅን መለኪያ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘን ደም ኦክስጅን እንደያዘ ቆጥሮ ጤነኛ ቁጥር ሊያሳይ ስለሚችል ነው። ሕክምናው ኦክስጅን ነው፤ በንጹሕ አየር ብቻ በደም ውስጥ ያለው የጋዙ መጠን በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ሲፈጅ፣ በጭንብል በሚሰጥ ኦክስጅን ግን ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃል። እርጉዝ ሴት ካለች ደህና ነኝ ብትልም ትታይ፤ ጋዙ በፅንሱ ላይ ከእናቱ ይልቅ ይበረታል።

የማንቂያ ዝምታም የአየር ንጽሕና ማረጋገጫ አለመሆኑን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ቀደም ብዬ በጠቀስኩት መለኪያ መሠረት በ30 ፒፒኤም ለ30 ቀን እንኳ እንዳይጮኽ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለ8 ሰዓት ቆይታ ያስቀመጠው ወሰን ወደ 9 ፒፒኤም ይጠጋል። በዚህ መካከል ያለው ጋዝ ማንቂያውን ሳያስነሳ ሕፃንን፣ እርጉዝን፣ የልብ ሕመምተኛንና አረጋዊን ሊጎዳ ይችላል። ማንቂያ ሰው ሳይሞት እንዲወጣ የሚያደርግ መሣሪያ ነው፤ ቤት ውስጥ ከሰል ለማንደድ ፈቃድ የሚሰጥ አይደለም።

ስለዚህ የቀረው የአማትዎ ጉዳይ ነው፣ ከሁሉም የሚከብደው እሱ እንደሆነ ይገባኛል። እሳቸው የሚከላከሉት ቤተሰቡ በአንድ ላይ የሚቀመጥበትን ሰዓት ነውና «ቡናዎ መርዝ ነው» የሚመስል ቃል ከአንደበትዎ እንዳይወጣ። ነገሩን ልጃቸው ቢያነሱት ይሻላል፤ ስለ መሣሪያውም ሳይሆን ስለ ልጅቷ ራስ ምታት ይጀምሩ። ቡናው ከሰል ላይ ይፈላ፣ ግን ውጭ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ከተከፈተ በርና መስኮት ራቅ ብሎ፤ ጀበናው ሲወጣለት ወደ ሳሎን ገብቶ ረከቦቱ ላይ ይቀመጥ። ለቶናና ለበረካ ጀበናውን መልሶ ማሞቅ ሲያስፈልግ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይበቃል። ዕጣኑም የሚጨሰው ፍም ላይ ስለሆነ ማጨሻው ከጀበናው ጋር ደጅ ይቅር፣ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ዓይነት ይግዙላቸው። በሐዋሳ ምሽት በርና መስኮት የሚዘጋው ለትንኝ እንደሆነ ዐውቃለሁ፤ አከራያችሁን አስፈቅዳችሁ መስኮቱ ላይ የወንፊት ሽቦ ብታስገቡ ትንኙ ሳይገባ አየሩ ይገባል። ሆኖም የተከፈተ መስኮት ቤት ውስጥ የተቀመጠ ከሰልን ደህና አያደርገውም፣ ሁለቱ አይምታቱ። ከቡናውም በኋላ የተረፈውን ፍም በአመድ ዳፍኖ ማእድ ቤት ማሳደር ካለ ይቅር፤ የተዳፈነ ፍም ሌሊቱን ሙሉ ጋዝ ይለቃል።

በከተማችሁ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ዙሪያ አንዲት ክፍል ተከራይተው ለብዙ ሆነው የሚኖሩ፣ በዚያችው ክፍል አብስለው በዚያችው የሚተኙ ወጣት ሴቶች ብዙ ናቸው። ከመካከላቸው የምታውቋት ካለች፣ ማንቂያ የመግዛት ዐቅም ባይኖራትም ይህን አንዱን ንገሩልኝ፦ ማንደጃው ከመኝታ በፊት ከበሩ ውጭ ይደር።

ለእህትዎ ሲደውሉ በግድግዳ ሶኬት የሚሰካውን ዓይነት እንዳትልክ ይንገሯት፤ የአሜሪካው በ120 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ በእኛ 220 ይቃጠላል። የሚሻለው የጋዙን መጠን በቁጥር የሚያሳይ፣ በባትሪ ብቻ የሚሠራና ዩኤል 2034 የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው። ያገለገለ አይሁን፤ ከመግዛቷ በፊትም የጀርባውን ዓመት በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትላክልዎ።